ሲንኩ የተደፈነው የት ላይ ነው?

የመታጠቢያ ክፍል ሲንክ በአንድ ጀምበር አይደፈንም። መጀመሪያ ውኃው ከወትሮው ዘግየት እያለ ይወርዳል፤ ሰንበት ሲል ፊት ታጥበን እስክንጨርስ ሳህኑ ግማሽ ይደርስና አረፋው ዙሪያውን ግራጫ መስመር ትቶ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ማታ ጥርስ የታጠበበት ውኃ እዚያው ቆሞ ያድራል። እስከዚያ ድረስ ያየው የቤተሰብ አባል ሁሉ «ነገ አየዋለሁ» እያለ ስለሚያልፈው፣ ሥራው የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከጠና በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ የሚገለበጥ ነገር መፈለግ ነው። የፈላ ውኃ፣ ቤኪንግ ሶዳ በኮምጣጤ፣ በረኪና፣ ከዚያም ከሱቅ የተገዛ ኃይለኛ ፈሳሽ በተርታ ይፈስሳል፤ አንዱ አልሠራ ሲል ሌላው ይከተላል። እኔ ይህን ቅደም ተከተል አልደግፈውም። የራሴንም ሆነ የወዳጅ ዘመድ ሲንክ ስከፍት የያዝኩት ልማድ፣ «ምን ላፍስበት?» ከማለቴ በፊት «የተዘጋው የት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቱቦውን የዘጋው ነገር የሚጨበጥ ቁስ ነው፤ የተቀመጠበትም ቦታ አለው፤ ቦታው ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ ተይዞ ይወጣል። ተይዞ ሊወጣ የሚችልን ነገር በፈሳሽ ለማሟሟት መሞከር ደግሞ ትርፉ ድካም ነው።

ከሳህኑ አፍ እስከ ግድግዳው ያለው መንገድ አጭር ነው። ከላይ የመውረጃው አፍና በውስጡ የሚቀመጠው ውታፍ አለ፤ ከእሱ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ አጭር ቱቦ ይመጣል፤ ቱቦው ውኃ ቋጥሮ ወደሚይዘው ሲፎን ይገባል፤ ከሲፎኑ የሚወጣው አግድም ቱቦ ግድግዳውን ዘልቆ ከቤቱ የፍሳሽ መስመር ጋር ይገናኛል። የዚህ ሁሉ ስፋት በተለምዶ ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለመዘጋት ብዙ ነገር አያስፈልገውም። ድፍኑ ከእነዚህ ቦታዎች በየትኛው እንዳለ፣ ዕቃ ሳይነሳ በፊት ውኃው ራሱ ይናገራል። ባዶው ሳህን ላይ ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ወዲያውኑ መጠራቀም ከጀመረ ድፍኑ ቅርብ ነው፤ ውታፉ ላይ ወይም ከአፉ ሥር ነው። ለጥቂት ጊዜ ደህና ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ሽቅብ መመለስ ከጀመረ ግን፣ በመካከል ያለውን ባዶ ቱቦ ሞልቶ ነውና የተመለሰው፣ ድፍኑ ከሲፎኑ ወዲያ፣ ምናልባትም ግድግዳው ውስጥ ነው። ሲንኩ ሲለቀቅ በሻወሩ ወለል ላይ ውኃ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ሲንኩ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ችግሩ ያለው በጋራው መስመር ላይ ነው፤ ያኔ ሲንኩን መፈታታት ከንቱ ልፋት ይሆናል።

ድፍኑ ከምን እንደተሠራ ማወቅም ይጠቅማል። የወጥ ቤት ሲንክ በዋነኛነት በቅባትና በምግብ ፍርፋሪ ይዘጋል፤ በመታጠቢያ ክፍሉ ሲንክ ግን የነገሩ መነሻ ፀጉር ነው። ረጅሙ የራስ ፀጉር ውታፉ ላይ ወይም በቱቦው ሻካራ ጠርዝ ላይ ይጠመጠማል፤ አጭሩ የተላጨ ፂም በላዩ ላይ ይለጠፋል። ሳሙና በውኃ ውስጥ ካለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ሲገናኝ በውኃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን በበዛ መጠንም ዝቃጩ ይበዛል። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ደቃቅ የማጽጃ ዱቄት ይረጋበታል፤ ባክቴሪያዎችም በዚህ ሁሉ ላይ ሙልጭልጭ የሚል ጥቁር ሽፋን ያበጃሉ። ጭድ በጭቃ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ፀጉር በዚህ ዝቃጭ ውስጥ ይሠራል፤ አያይዞ ያቆመዋል። ስለዚህ ፀጉሩ ካልወጣ፣ የተቀረው ታጥቦ ቢሄድ እንኳ፣ አዲሱ ዝቃጭ የሚይዘው አጥር እዚያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቤኪንግ ሶዳና ስለ ኮምጣጤ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው አረፋ ለዓይን ደስ ይላል፤ ሥራ እየተሠራ ያለም ያስመስላል። በእርግጥ የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ቤኪንግ ሶዳው ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፣ ኮምጣጤው በተለምዶ 5 ከመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ የያዘ ውኃ ነው፣ ሁለቱ አንዱ የአንዱን ኃይል አጥፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሶዲየም አሲቴት የተባለ ጨው ይተዋሉ። ጋዙ መውጫው ክፍት በሆነው በሳህኑ አፍ በኩል ስለሆነ ድፍኑን ወደ ታች የሚገፋበት ምክንያት የለም። የቀረው ለስላሳ የጨው ውኃም ለፀጉር ምኑም አይደለም። ገና መዘግየት የጀመረን ሲንክ ሽታ ለመቀነስ ቢጠቅም ይጠቅም ይሆናል፤ ውኃ አላሳልፍ ያለን ግትር ድፍን ግን አይበግረውም።

የፈላ ውኃም እንደዚሁ ነው። ትኩስ ውኃ ቅባትን ያለሰልሳል፤ ፀጉርን ግን አያሟሟም። ብዙ የፍሳሽ መስመር የሚሠራበት ፒቪሲ ለዘወትር አገልግሎት የሚመከርለት የሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነውና፣ ከምድጃ ወርዶ በቀጥታ የሚፈስስ ውኃ መገጣጠሚያዎቹን ሊያጣምም፣ ቀዝቃዛውን የሴራሚክ ሳህንም ሊሰነጥቅ ይችላል። እጅ ሊችለው የሚቃረብ ሙቅ ውኃ በቂ ነው፤ እሱም ከሥራው በኋላ ለማጠቢያ እንጂ በፊት አይደለም።

እንግዲህ ሥራው ከላይ ይጀምራል። ሳህኑ ውስጥ የቆመው ውኃ በኩባያ ተቀድቶ በስፖንጅ ይመጠጣል፤ ጓንት ይደረጋል፤ ከሥር የቆየ ጨርቅ ይነጠፋል። ከዚያ ውታፉ ይነሳል። ተጫን ሲሉት የሚዘጋና የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ጫፉ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። ከቧንቧው ጀርባ ባለ ዘንግ የሚነሳና የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ሲንኩ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በመውረጃው ቱቦ ጀርባ ላይ ቀጭን አግድም ዘንግ የሚገባበት ትንሽ ብሎን አለ፣ ብዙ ጊዜ በእጅ ይፈታል፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ ውታፉ ከላይ ነፃ ይወጣል። ከዘንጉ ጋር ያለችው ትንሽ ድቡልቡል የፕላስቲክ ቁራጭ ወድቃ እንዳትጠፋ መጠንቀቅ ነው፤ ያለ እሷ ሥራው ሲያልቅ ውኃ ይንጠባጠባል።

ውታፉ ሲወጣ የሚታየው ነገር ለዓይን አይመችም። በእግሩ ዙሪያ ጣት የሚያህል ጥቁር ገመድ ተጠምጥሞ ይወጣል፤ ገመዱ ሲጨመቅ ግራጫ ልጋግ ይተፋል፤ ሽታው ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል ነው፣ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነውና። ደረቅ ወረቀት ይዞ ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ ሸልቅቆ ማውጣት ይሻላል፤ በቁርጥራጭ ከተሳበ ግማሹ ተመልሶ ይወድቃል። ብዙ «ግትር» የተባለ ድፍን በእውነቱ ይኸው ነው። ከእሱ በታች ያለውን ለማግኘት በሁለቱም ጎኑ ጥርስ ያለው ረጅም ቀጭን የፕላስቲክ መሳቢያ ይበቃል፤ ሲወርድ በቀላሉ ይገባል፣ ሲወጣ ጥርሶቹ ፀጉሩን ይዘው ይመጣሉ። መሳቢያው ከሌለ ጫፉ በፒንሳ ትንሽ የታጠፈ ጠንካራ ሽቦ ያንኑ ይሠራል፤ ብቻ የሳህኑን አፍ እንዳይቧጥጥ በዝግታ ይሁን።

ውታፉ ንጹሕ ሆኖ ውኃው አሁንም ካልወረደ ተራው የጎማ መምጠጫው ነው። በዚህ ዕቃ ላይ ያለው ቅሬታ ሁሉ፣ «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚለው፣ በአብዛኛው የሚመነጨው ከአንዲት ቀዳዳ ነው። በብዙ የእጅ መታጠቢያ ሳህኖች ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ ዝቅ ብላ፣ ሳህኑ ከመጠን በላይ ሲሞላ ትርፉን ውኃ የምትቀበል ቀዳዳ አለች። ቀዳዳዋ በሳህኑ ግድግዳ ውስጥ አልፋ ከውታፉ ሥር ካለው ቱቦ ጋር ትገናኛለች። ክፍት ሆና እያለ መምጠጫው ቢገፋ፣ ኃይሉ ሁሉ ድፍኑን ትቶ በእሷ በኩል ያመልጣል፤ አንዳንዴም ቆሻሻ ውኃ በሰው ደረት ላይ ይረጫል። ስለዚህ በረጠበ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ መድፈን፣ ሌላ ሰው ካለም ጨርቁን በአውራ ጣት እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሳህኑ ውስጥ ደግሞ የመምጠጫውን አፍ የሚሸፍን ውኃ መኖር አለበት፤ አየር ሲጫኑት ይታመቃልና ኃይሉን ይበላል፣ ውኃ ግን ስለማይታመቅ ግፊቱን ሳይቀንስ ያደርሳል። በመምጠጫው ከንፈር ላይ ትንሽ ቫዝሊን ማድረግ ይበልጥ ያጣብቀዋል። የመጀመሪያው ግፊት ቀስ ብሎ፣ በውስጡ ያለውን አየር ለማስወጣት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሳያነሱ በፍጥነት ወደ ታችና ወደ ላይ መመላለስ ነው። ድፍኑን የሚያላላው ወዲያና ወዲህ መናጡ ስለሆነ መሳቡ ከመግፋቱ አያንስም፤ በመግፋት ብቻ የሚታገል ሰው ድፍኑን ወደ ግድግዳው አርቆ ሊያስገባው ይችላል። ሲከፈት ውኃው በአንድ ጊዜ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ይህም ካልሆነ ሲፎኑ ይፈታል። ሲፎን የሚባለው የታጠፈ ቱቦ ሲታይ ያለ ምክንያት መንገድ የሚያረዝም ይመስላል፤ ነገር ግን በእጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀረው፣ በተለምዶ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ፣ የፍሳሽ መስመሩ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግድ መዝጊያ ነው። ይህን እጥፋት በፈጠራ መብት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሲሆን፣ ዘመኑ 1775 እ.ኤ.አ.፣ ዕቃው የውኃ ሽንት ቤት፣ የሰውዬው ዋና ሙያ ደግሞ ሰዓት ሠሪነት ነበር። ያው እጥፋት የከበደውን ነገር ሁሉ በታችኛው ክፍሉ ያስቀራል፤ ድፍንም እዚያ ቢያርፍ አይገርምም፣ ወድቆ የጠፋ የጣት ቀለበት ወይም የጆሮ ጌጥም የሚገኘው እዚያው ነው።

ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ብልህነት ነው፤ ቀላል የሚመስለው አገጣጠም ሲበታተን ማንነቱን ይለውጣል። ባልዲ ከሥር ይቀመጣል። ሁለቱ የፕላስቲክ ብሎኖች በእጅ ወደ ግራ ሲዞሩ ይለቃሉ፤ እምቢ ካሉ በጨርቅ ጠቅልሎ በጂራቱቦ ቀስ ብሎ ማነቃነቅ ይቻላል፤ ጨርቁ የሚያስፈልገው የብረት ጥርስ ፕላስቲኩን እንዳይበላው ነው። ሲፎኑ እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የቆመ ዓይነት ከሆነ ሥራው ከዚህም ይቀላል፤ የታችኛው ኩባያ ብቻ ይፈታል። የወጣው ቆሻሻ ሽንት ቤት ውስጥ ይደፋል፣ ቱቦው በጠርሙስ ብሩሽ ከውስጥ ይፈተጋል። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል፦ ባልዲውንም ሆነ የታጠበውን ቱቦ እዚያው ሲንክ ላይ ማፍሰስ አይገባም፣ ከሥሩ ምንም የለምና። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ እጅ ግን በልማድ ነው የሚሄደው።

በየብሎኑ ውስጥ ያሉት ጎማዎች የት እንደነበሩና በየትኛው ፊታቸው እንደተቀመጡ ማየት ደግሞ የመፍታቱ ግማሽ ነው። አንዳንዶቹ በአንድ ጎን ሾጠጥ ያሉ ናቸው፤ ተገልብጠው ከገቡ ብሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ውኃ ማንጠባጠቡ አይቀርም። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ከተገኘም አውቆ መተው አይበጅም፤ ሁሉም ነገር ክፍት በሆነበት በዚያው ሰዓት መቀየሩ ይቀላል።

ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የቀረው ግድግዳው ነው፤ ለእኔ እውነተኛው ግትር ድፍን የሚጀምረው ከዚህ ነው። እዚህ የሚያገለግለው በእጅ የሚዘወር፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና ጥቂት ሜትሮች ርዝመት ያለው ተጣጣፊ የስፕሪንግ ሽቦ ነው። ሽቦው ሲፎኑ ከተነሳ በኋላ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ቱቦ ይገባል፤ ከላይ በሳህኑ አፍ መስደድ እጥፋቱን ለማለፍ ብቻ ግማሽ ጉልበት ይፈጃል። ዋናው ብልሃት ያለው በመዳፍ ስሜት ላይ ነው። ሽቦው ከቱቦው መታጠፊያ ጋር ሲጋጭ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ እጀታው ጥቂት ሲዞር ግን ጫፉ መንገዱን አግኝቶ ሸተት ይላል። ድፍን ላይ ሲደርስ ስሜቱ ሌላ ነው፤ ይለጠጣል፣ ሲገፉት ትንሽ ይገባና መልሶ ይገፋል፣ ሲዞርም እጀታው እየከበደ ይሄዳል። ያን ጊዜ በኃይል መግፋት ሽቦውን ቱቦው ውስጥ ያጣምመዋል። የሚሻለው ወደ አንድ አቅጣጫ እያዞሩ ጫፉ ፀጉሩ ውስጥ እንዲጠመጠም ማድረግ፣ ከዚያ ማዞሩን ሳያቆሙ በዝግታ መሳብ ነው። በጫፉ ላይ የሚመጣው ነገር ከውታፉ ላይ ከወጣው ይበልጥ የጠቆረና የጠነከረ ይሆናል። አንዴ ወጣ ተብሎ መተውም አይገባም፤ ሽቦው ምንም ሳይዝ እስኪመለስ ድረስ መደጋገም ነው።

አሁን ወደ ኬሚካሉ ልመለስ። ፀጉርን በእርግጥ የሚያሟሟ ነገር አለ፤ ኮስቲክ ሶዳ ነው። የፀጉርን ፕሮቲን ይፈታል፣ ቅባትን ወደ ሳሙናነት ይለውጣል፤ ስለዚህ አይሠራም ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን ጨርሶ በተዘጋ ሲንክ ላይ ከድፍኑ ጋር ከመድረሱ በፊት በቆመው ውኃ ይቀጥናል፤ ካልከፈተም ሳህኑ ሥጋን በሚያቃጥል ፈሳሽ ተሞልቶ ይቀራል፤ ዱቄቱ በብዛት ከተጨመረም ቱቦው ውስጥ ረግቶ ሊደርቅና ከቀድሞው የባሰ ድፍን ሊሆን ይችላል። ከውኃ ጋር ሲገናኝ ብርቱ ሙቀት ያወጣል፤ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቅቃል። ከሁሉም የከፋው መደባለቅ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ኮምጣጤም ቢሆን፣ ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዝ ይፈጥራል። ትናንት አንዱን አፍስሶ ዛሬ ሌላውን መሞከር በጠባብና መስኮቱ በተዘጋ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀልድ አይደለም። ኬሚካል የፈሰሰበትን ሲንክም በጎማ መምጠጫ መናጥ ዓይንን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ሲፎኑን መፍታትም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ ፈስሶ ከሆነ የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ ምን እንደፈሰሰ ሳይደብቁ መንገር የግድ ነው።

ሠራተኛ የሚጠራው መቼ ነው ለሚለው፣ የእኔ ወሰን ሁለት ነው። አንደኛው አስቀድሜ እንዳልኩት ችግሩ የጋራ መስመር መሆኑ ሲታወቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቱቦዎቹ ያረጁ የብረት ቱቦዎች ሲሆኑ ነው፤ እነዚህ ከውስጥ በዝገት እየጠበቡ ስለሚሄዱ ሽቦው ቢያልፍባቸውም ጥበታቸው አይለወጥም፤ ብሎናቸው ሲታገሉትም ግድግዳው ውስጥ ሊሰበሩ ይችላሉ።

ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ሲመለስ የፕላስቲክ ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ይጠብቃሉ፤ በመፍቻ ቢበዛ ሩብ ዙር ይጨመርላቸዋል፣ ከዚያ በላይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ፍተሻው በሚንጠባጠብ ቧንቧ ሳይሆን በሙሉ ሳህን ይሁን፤ ሲንኩ እስከ ትርፍ ውኃ ቀዳዳዋ ድረስ ይሞላና በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። እንዲህ ሲሆን ቱቦው ሙሉ ክብደት ይሸከማል፣ የላላ መገጣጠሚያ ካለም ያኔ ይታያል። በየብሎኑ ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ማዞር ዓይን የማያየውን እርጥበት ያሳያል፤ ከሥር ደግሞ ደረቅ ካርቶን አንጥፎ ማሳደርና ጠዋት ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ካርቶኑ ደርቆ ካደረ ከሲንኩ ሥር የወጡት ዕቃዎች ወደ ቦታቸው መመለስ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ትንሽ ነው። አፉ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ወንፊት ፀጉሩን ከላይ ታስቀረዋለች፤ ፂም የሚላጭ ሰው ካለ መላጫውን በሚፈስስ ውኃ ከማጠብ በሶፍት መጥረግ ይሻለዋል፤ ውታፉም ውኃው መዘግየት ሲጀምር ወዲያው ተነስቶ ቢጠረግ ሲፎኑን መፍታት ሳያስፈልግ ረጅም ጊዜ ይሄዳል። በእንግዳ ክፍል ያለና ብዙ የማይነካ ሲንክ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለበት፤ በሲፎኑ ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ያልቅና ምንም ሳይደፈን ክፍሉ ይሸታል። ለእሱ አልፎ አልፎ አንድ ጆግ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ይበቃዋል።